«ዋጋ በኢንቦክስ» ይቅር፦ በቴሌግራም ዕቃ ለምትሸጡ

መርካቶ ሱቅ የገባ ገዢ ጫማውን ያነሳል፣ ሶሉን ያጥፈዋል፣ ውስጡን በጣቱ ይዳስሳል፣ እግሩን አስገብቶ ሁለት ሦስት እርምጃ ይራመዳል። ቴሌግራም ላይ ግን እጁ የለም። ያለው እናንተ የለጠፋችሁት ፎቶና ከሥሩ የጻፋችሁት ጥቂት መስመር ነው። ስለዚህ ኢንቦክስ የሚመጣላችሁ ጥያቄ ሁሉ ፖስቱ ላይ የጎደለ መስመር ነው ብላችሁ ያዙት። «ስንት ነው?»፣ «41 አለ?»፣ «የት ናችሁ?» የሚል መልእክት በቀን ሠላሳ ሲመጣ ገበያው የደራ ይመስላል። ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ ግን መልስ እስኪደርሳቸው አይጠብቁም፤ ዋጋው የተጻፈበት ሌላ ቻናል አግኝተው ይገዛሉ።

ዋጋ የሚደብቁ ሻጮች «ተፎካካሪ እንዳያይብኝ ነው» ይላሉ። ተፎካካሪ ማየት ከፈለገ ገዢ መስሎ ይጠይቃችኋል፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። ዋጋው የተደበቀው ከገዢ ብቻ ነው። ሌሎች ደግሞ ሰው እያዩ ዋጋ ይጠራሉ፤ ከአሜሪካ ለጻፈችው አንድ፣ ከጀሞ ለጻፈችው ሌላ። ከአሜሪካ የጻፈችው የምታዝዘው ግን ለእናቷ ነው፣ እናትየው ደግሞ ጎረቤቷ ያንኑ ቀሚስ በስንት እንደገዛች ታውቃለች። አንዴ እንዲህ የተነካ ሰው አይመለስም፣ ዘመዱንም አይልክም። ሕጉም ቢሆን ከገዢው ጋር ነው፦ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ ያዛል።

ሒሳቡ መጀመሪያ

ዋጋ ከመለጠፋችሁ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ለምሳሌ አሥር ጥንድ ጫማ አንዱን በ2,200 ብር ገዛችሁ እንበል። ዕቃውን ለማምጣት ለታክሲና ለተሸካሚ 600 ብር ከወጣ በአንድ ጥንድ 60 ነው። ለፌስታልና ለፕላስተር 30፣ ለኢንተርኔትና ለማስታወቂያ 40 ጨምሩ። ከአሥሩ አንዱ በሞተር ሄዶ «አልፈለግኩትም» ተብሎ ቢመለስ የደርሶ መልሱ 300 ብር ለአሥሩ ሲካፈል 30 ይሆናል። እንግዲህ ጫማው የቆመባችሁ በ2,200 ሳይሆን በ2,360 ነው። በ2,900 ብትሸጡት 540 ይተርፋል። «ዴሊቨሪ በነፃ» ብላችሁ 250 ብር ከኪሳችሁ ከከፈላችሁ ግን ትርፉ 290 ሆነ። ደንበኛዋ ተከራክራ 200 ብር ስታስቀንስ 90 ብር ይቀራችኋል፤ የቀን ሥራችሁ እዚያ ውስጥ አልተቆጠረም። ብዙ ቻናል ዕቃው እየተሸጠለት የሚዘጋው በዚህ መንገድ ነው።

ስለዚህ ከመለጠፋችሁ በፊት የማትወርዱበትን ዋጋ ለራሳችሁ ወስኑ። ድርድር ካለ «ውይይት አለው» በሉ። «የመጨረሻ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ደግሞ አትውረዱ። አንዴ «የመጨረሻ» ባላችሁት ላይ 300 ብር ከቀነሳችሁ ቃሉ ከዚያ በኋላ ማንንም አያቆምም።

ልኩ በሳንቲሜትር

ኤም፣ ኤል፣ ኤክስ ኤል የሚለው ፊደል ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ ሽሮ ሜዳ ለተሰፋ ቀሚስ ደግሞ ጭራሽ ትርጉም የለውም። ሜትር ያዙና ለኩ። ቀሚሱን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ፣ ሽብሽቡን በእጃችሁ አስተካክሉ፣ ከብብት እስከ ብብት ለኩና በሁለት አባዙት፤ ደረቱ ያ ነው። ወገቡንና ዳሌውንም እንዲሁ። ቁመቱን ከትከሻ ጫፍ እስከ ታችኛው ጥለት ለኩ። ሳያባዙ «ደረት 48» ብሎ መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው፤ ገዢዋ የልጅ ቀሚስ መስሏት ታልፈዋለች። ሌላው ስህተት የልብሱን ልክ ከሰው ልክ ጋር ማምታታት ነው። የማይለጠጥ ጨርቅ ከሰውነት ልክ ከ4 እስከ 6 ሳንቲሜትር ሰፋ ማለት አለበት፤ አለዚያ ክንድ ሲነሳ ይወጥራል፣ ሲቀመጡ ስፌቱ ይጎተታል። ስለዚህ የልብሱ ልክ መሆኑን ለይታችሁ ጻፉ። እንዲህ፦

«የፈትል ቀሚስ፣ ጥልፉ የእጅ። የልብሱ ልክ፦ ደረት 96፣ ወገብ 80፣ ዳሌ 108፣ ቁመት 142 ሳ.ሜ። ነጠላ አለው፣ መቀነት የለውም። በግራ እጅጌው ጫፍ አንድ ቦታ ክር ተስቧል፣ 4ኛው ፎቶ ላይ ይታያል። ዋጋ 9,500 ብር፣ የመጨረሻ። ያለው አንድ ነው። ሽሮ ሜዳ መጥተው ማየት ይችላሉ። ዴሊቨሪ አዲስ አበባ ውስጥ በገዢ።»

ይህን ያነበበች ሴት የምትጠይቃችሁ «ዛሬ ይደርሳል?» የሚለውን ብቻ ነው። የተሳበውን ክር መጻፋችሁ ሽያጩን አያበላሽም። ቤት ደርሶ ከተገኘ ግን ቀሚሱም ይመለሳል፣ የሞተሩም ብር ይቃጠላል፣ መጥፎው ኮሜንትም ቻናሉ ላይ ይኖራል። የኮምፒውተር ጥልፍ ከሆነም «የኮምፒውተር ጥልፍ» በሉት፤ እሱም የራሱ ገዢና የራሱ ዋጋ አለው።

ጫማ ላይ ከቁጥሩ ጋር የውስጥ ሶሉን ርዝመት ጻፉ። በአውሮፓ አቆጣጠር ከአንድ ቁጥር ወደ ሌላው ያለው ልዩነት ሁለት ሦስተኛ ሳንቲሜትር፣ ማለትም ወደ 7 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ፋብሪካው ትንሽ ካጠበበው 41 የተባለው 40 ሆኖ ይገኛል። ገዢውን ወረቀት ላይ ቆሞ ተረከዙንና ረጅሙን ጣቱን በእስክሪብቶ እንዲያመለክትና ርቀቱን በሳንቲሜትር እንዲልክ ጠይቁት። አንድ ደቂቃ የምትፈጅ ሥራ ናት፣ ብዙ የሞተር ምልልስ ግን ታስቀራለች።

ፎቶው

መጀመሪያ የስልኩን ካሜራ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፤ ደብዛዛ ፎቶ በአብዛኛው የጣት ቅባት ነው። ፍላሽ አጥፉ። ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት፣ ወይም ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት መስኮት አጠገብ አንሱ። ከኋላ አንድ ቀለም ያለው አንሶላ ይበቃል፣ አበባ ያለበት ምንጣፍ ዓይን ይሰርቃል።

ነጭ ልብስ የብዙ ሻጭ ፈተና ነው። ካሜራው ከፊቱ ያለው ሁሉ ነጭ ሲሆንበት ብርሃን የበዛ መስሎት ያጨልመዋል፤ አዲሱ ነጠላ ያደፈ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። መፍትሔው ስክሪኑ ላይ ልብሱን በጣት ነክቶ፣ ብቅ የምትለዋን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ጎተት ማድረግ ነው። ነጩ ነጭ እስኪሆን፣ የፈትሉ መስመር ግን ሳይጠፋ። የጥለቱን ቀለም በፊልተር አታሳምሩ፤ ቀዩ ሮዝ ሆኖ ከታየ ደንበኛዋ ያዘዘችው ሮዝ ነው።

ቴሌግራም በአንድ ፖስት እስከ 10 ፎቶ ይይዛል። ስድስት ወይም ሰባት ይበቃል፦ ሙሉው ከፊት፣ ከኋላ፣ ጥልፉ በቅርብ፣ የውስጥ ስፌቱ፣ ጉድለት ካለ ጉድለቱ፣ ሜትር ተዘርግቶበት አንድ፣ ሰው ለብሶት አንድ። ከኢንተርኔት የወረደ የሞዴል ፎቶ አትለጥፉ። ፎቶና ዕቃ የተለያየበት ሰው የሚፈርደው ቻናላችሁ ላይ ነው፣ እውነቱን ነው።

ያገለገለ ስልክ

ስልክ ላይ «ኒት ነው፣ ምንም አይልም» ማለት ምንም አይነግርም። አይፎን ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የባትሪውን ጤና በስክሪንሾት አውጡ፤ ከ80 በመቶ በታች ከወረደ «ባትሪ ይፈልጋል» ብላችሁ በዋጋው ቀንሱ። ከአይፎን 11 ወዲህ ባሉት ላይ ስክሪኑ ኦሪጅናል ባልሆነ ከተቀየረ ስልኩ ራሱ «ስለ ስልኩ» የሚለው ገጽ ላይ የማይታወቅ ክፍል እንደገባ ያሳያል፤ ገዢው ገብቶ ሊያየው ስለሚችል ቀድማችሁ ንገሩት። ሳምሰንግ ከሆነ *#0*# ሲደወል የመፈተሻ ገጽ ይከፈታል፤ ቀዩን፣ አረንጓዴውን፣ ሰማያዊውን አንድ በአንድ ከፍታችሁ በአጭር ቪዲዮ ቅረጹት። የተቃጠለ ጥላ ወይም መስመር ካለ እዚያ ላይ ይወጣል።

ከመሸጣችሁ በፊት ከአይክላውድ ወይም ከጉግል አካውንታችሁ ውጡ፣ ከዚያ በኋላ ሁሉንም አጥፉ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ስልኩ ሲከፈት የእናንተን የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ገዢው ቤቱ ደርሶ የተሰረቀ ስልክ የያዘ ይመስለዋል። *#06# ሲደወል የሚወጣውን መለያ ቁጥር መዝግባችሁ ያዙ፣ ቻናል ላይ ግን አትለጥፉት። «ይህ አይደለም የሸጣችሁልኝ» የሚል ክርክር ቢመጣ የሚፈታው እሱ ነው።

ገንዘቡ ገባ የሚባለው መቼ ነው?

እዚህ ላይ ቀስ እንበል፣ ሻጭ ባንድ ቀን የወር ትርፉን የሚያጣው እዚህ ስለሆነ። ስክሪንሾት ክፍያ አይደለም። በፎቶ ማስተካከያ ስሙም፣ ብሩም፣ ቀኑም ይቀየራል። አጭር የጽሑፍ መልእክትም ብቻውን አይበቃም፤ የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፣ አጭበርባሪ ግን ያንኑ ጽሑፍ ቃል በቃል ገልብጦ ከተራ ቁጥር ይልካል፣ የተጣደፈ ሻጭም ከላይ ያለውን ቁጥር አያይም። የንግድ ባንክ ዝውውር በኤፍና በቲ የሚጀምር መለያ ቁጥር አለው፤ እሱም ከአሮጌ ደረሰኝ ሊቀዳ ይችላል። ስለዚህ መመሪያው አንድ ነው፦ የራሳችሁን አፕ ከፍታችሁ ቀሪ ሒሳቡ መጨመሩን በዓይናችሁ እዩ። ከሌላ ባንክ የተላከ ሊዘገይ ይችላል፤ ቢዘገይ ዕቃውም ይዘገያል። «እህቴ፣ ገንዘቡ እንደገባ ወዲያው እልክልሻለሁ» ማለት ነውር የለውም፤ እውነተኛ ገዢ አይቀየምም።

ከዚህ የረቀቀም አለ። አንድ ሰው የምትሸጡትን ስልክ ፎቶ ከቻናላችሁ ወስዶ በራሱ ገጽ በዚያው ዋጋ ይለጥፋል። ለእናንተ ደግሞ ገዢ መስሎ አካውንት ቁጥር ይጠይቃችኋል፤ ሌላ ገዢ ሲመጣለት ያንኑ የእናንተን ቁጥር ይሰጠዋል። ገንዘቡ በእርግጥ ይገባላችኋል። አጭበርባሪው «ከፍያለሁ፣ ሞተረኛ ልኬያለሁ» ብሎ ስልኩን ይወስዳል። በማግሥቱ የተታለለው ገዢ ፖሊስ ይዞ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው፣ አካውንቱ የእናንተ ነዋ! መከላከያው ሁለት ነው። የከፋዩ ስም ከተረካቢው ጋር ካልገጠመ ምክንያቱን ጠይቁ፣ ከፋዩንም ራሱን በስልክ አነጋግሩ። ገዢው ሲያስገባም በምክንያት ቦታው ላይ የዕቃውንና የቻናሉን ስም እንዲጽፍ አድርጉ፤ ሌላ ገጽ አይቶ የሚከፍል ሰው የእናንተን ቻናል ስም ጻፍ ሲባል ይነቃል።

«ተሳስቼ አሥር ሺህ ብር አስገብቻለሁ፣ ትርፉን በዚህ ቁጥር መልሱልኝ» የሚልም ይመጣል። ትርፍ ገንዘብ የሚመለሰው ወደመጣበት አካውንት ብቻ ነው። በሌላ ቁጥር ከላካችሁ፣ የመጀመሪያው ከፋይ ሲጠይቅ ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ።

ከውጭ አገር ሆኖ ለቤተሰብ የሚያዝዝ ሰው ላይ ከፋይና ተረካቢ መለያየቱ ያለ ነው። ከከፋዩ ጋር አንዲት የምስጢር ቃል ተስማሙ፣ ተረካቢዋም ያንኑ ቃል ትበል። ስጦታ ከሆነ ሳትጠይቁ ለእናትየው አትደውሉ፣ ድንገቴው ይበላሻል። ሰዓት ስትጽፉም «ከቀኑ 8 ሰዓት በኢትዮጵያ» በሉ፤ ዋሽንግተን በበጋቸው በ7፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች ደፈናው «8 ሰዓት» ሰው ያሳስታል።

ሞተረኛው

አድራሻ ስትቀበሉ ስም፣ ሁለት ስልክ ቁጥር፣ ሰፈር፣ የታወቀ ምልክት፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ የብሎክና የቤት ቁጥር፣ የሚገኙበትን ሰዓት ተቀበሉ። ቦታውን በቴሌግራም ሎኬሽን ቢልኩት ከሁሉ ይበልጣል። «ሰሚት፣ ፔፕሲ አካባቢ» ብቻ ይዞ የሄደ ሞተረኛ ግማሽ ሰዓት ስልክ ላይ ይቆማል። ዕቃውን በአቅጣጫ ሰብስቡት፦ አያት፣ ሲኤምሲና ሰሚት በአንድ ጉዞ፣ ጀሞ፣ ለቡና መካኒሳ በሌላ።

ሳይነሳ በፊት ሦስት ነገር ከገዢው ጋር ይቆረጥ። የሞተሩን ማን ይከፍላል? ከፍቶ መሞከር ይፈቀዳል? ሞተረኛው ስንት ደቂቃ ይጠብቃል? አሥራ አምስት ደቂቃ ለጫማና ለልብስ ይበቃል። ዕቃው ሲደርስ የሚከፈል ከሆነ ሞተረኛው ከበሩ የሚነሳው እናንተ «ገብቷል» ስትሉት እንጂ ገዢው ስክሪኑን ሲያሳየው አይደለም። ከማስረከባችሁ በፊት ጥቅሉን ከነሞተሩ ታርጋ ፎቶ አንሱት።

ወደ ክፍለ ሀገር በረጅም ርቀት አውቶቡስ ወይም በፖስታ ቤት ፈጣን መልእክት ስትልኩ የተቀባዩን ስምና ስልክ ከጥቅሉ ውጭ በሁለት በኩል ጻፉ፣ አንድ ወረቀት ደግሞ ውስጡ አስገቡ፤ የውጩ ተቀዶ ወይም በዝናብ ተበላሽቶ ቢደርስ ያ ወረቀት ባለቤቱን ያስገኘዋል። የዕቃ ደረሰኙን ፎቶ ለገዢው ያን ጊዜውኑ ላኩ።

ቀብድ

በልክ ለሚሰፋ ቀሚስ ያለ ቀብድ መቀስ አታንሱ፤ ግማሹን መቀበል ደህና ልምድ ነው። ግን የቀብድን ትርጉም እወቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ አጠፌታውን ይመልሳል። አምስት ሺህ ተቀብላችሁ «ሰፊው አልቻለም» ብትሉ አሥር ሺህ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ስለዚህ ለገና ወይም ለፋሲካ ትእዛዝ ስትይዙ ሰፊው ከሚላችሁ ቀን ላይ አንድ ሳምንት ጨምሩ። በዓሉ ሲቃረብ ሰፊዎችም፣ ጥልፍ ቤቶችም ይጨናነቃሉ፣ መብራትም ሊጠፋ ይችላል። ቀለሙን፣ ልኩን፣ የመረከቢያ ቀኑን፣ ቀሪውን ክፍያ በአንድ መልእክት ጽፋችሁ ላኩ፣ ደንበኛዋም «እሺ» ትበል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ኤሌክትሮኒክ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መልኩ ስለተላከ ብቻ ሕጋዊ ውጤቱን እንደማያጣ ይደነግጋልና ያ «እሺ» ዋጋ አለው። በቃል ደውሎ መስማማት ግን ለክርክር በር ይከፍታል።

የመመለሻ ደንባችሁን እላይ ፒን አድርጉት፦ በስንት ቀን፣ በምን ሁኔታ፣ የሞተሩን ማን ችሎ። ጥፋቱ የእናንተ ከሆነ (ልኩ ተሳስቶ፣ ያልጻፋችሁት ጉድለት ተገኝቶ) የደርሶ መልሱን እናንተ ቻሉ፣ ገንዘቡንም በዚያው ቀን መልሱ። ገዢዋ ሐሳቧን ከቀየረች የሞተሩ የእሷ ነው። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ጽሑፍ ጉድለት ላለበት ዕቃ አያገለግልም።

ቻናሉ ራሱ ንብረት ነው፣ ስለዚህ ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ዛሬውኑ አስገቡ፤ በስልካችሁ የመጣ ኮድ የሚጠይቅ ሰው «የቴሌግራም ሠራተኛ ነኝ» ቢልም አትስጡ። ስማችሁን በአንድ ፊደል ለውጠው የሚከፍቱ አሉና የምትቀበሉበት አካውንት በማን ስም እንደሆነ ፒን ያደረጋችሁት ፖስት ላይ ይቀመጥ። የደንበኛን ምስጋና ስትለጥፉ ስሟንና ስልኳን ሸፍኑ።

በየሳምንቱ ኢንቦክሱን ከፍታችሁ በብዛት የተጠየቁትን ሦስት ጥያቄዎች ልቀሙና መልሱን ፖስቶቹ ላይ ጨምሩ፤ ቻናል ላይ የቆየ ፖስት ማስተካከል ይቻላል። የተሸጠውን «ተሽጧል» በሉት። ሰው ወደ ሌላ ግሩፕ ፎርዋርድ ያደረገው ኮፒ ግን አብሮ አይቀየርም፣ የድሮውን ዋጋ ይዞ ይዞራል። ስለዚህ ከዋጋው አጠገብ ቀን አስቀምጡ፦ «2,900 ብር፣ እስከ ጥቅምት 30»።